ስኳሩን የት አኖሩት? የጣፋጭ እርሾ ዳቦዎች ዳሰሳ

ስለ ጣፋጭ የእርሾ ዳቦ የሚጻፈው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በአገር በአገር ይደረደራል። ስዊድን የቀረፋ ጥቅል አላት፤ እንግሊዝ በስቅለት የምትበላው መስቀል ያለበት ትንሽ ዳቦ አላት፤ ጃፓን ባቄላ ያዘለ፣ ሜክሲኮ ዛጎል የመሰለ፣ ሆንግ ኮንግ ደግሞ «አናናስ» ተብሎ አናናስ የሌለበት ዳቦ አላቸው። እያንዳንዱም የሕዝቡ መንፈስ መገለጫ ተደርጎ ይወደሳል። ይህ አደራደር ለአየር መንገድ መጽሔት ይመች ይሆናል፤ የሚያስረዳው ነገር ግን የለም። ስዊድናዊው ቀረፋውን ለምን ከሊጡ ጋር አላቦካውም? ጃፓናዊው ጣፋጩን ለምን በዳቦው ሆድ ደበቀው? ሜክሲኳዊውስ ለምን አናቱ ላይ ለጠፈው? መልሱን በባህል ውስጥ ብቻ የሚፈልግ ሰው ብዙ ይደክማል። እዚህ የማቀርበው አከፋፈል ዳቦው ከየት አገር መጣ ሳይሆን ስኳሩ የት ተቀመጠ ብሎ የሚጠይቅ ነው። እርሾና ስኳር እስከ ተወሰነ ልክ ይስማማሉ፤ ከዚያ ካለፈ ይጣላሉ። የየአገሩ ባህል የምንለው ቅርጽም በአመዛኙ ለዚህ ጠብ የተገኘ መላ ነው ብዬ እከራከራለሁ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጠቡን ለመረዳት ጠጅ ሲጣል ያየ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። ማር ተከድኖ ዓመት ቢቀመጥ አይፈላም፤ ውኃ ተበጥብጦበት ብርዝ ሲሆን ግን በቀናት ውስጥ ይፈላል። ምክንያቱ የስኳሩ ብዛት ነው። ስኳር ውኃ ይስባል፤ ሲበዛ ከእርሾው ሕዋስ ውስጥ ሳይቀር ውኃውን እየመጠጠ ያዳክመዋል። ሊጥ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። ጋጋሪዎች ሁሉን ነገር ከዱቄቱ ክብደት አንጻር በመቶኛ ያሰላሉ፤ አንድ ኪሎ ዱቄት ላይ 50 ግራም ስኳር ከገባ 5 በመቶ ነው። እስከዚህ ድረስ ስኳሩ ለእርሾው ምግብ ነው፣ ሊጡም ቶሎ ኩፍ ይላል። 10 በመቶ ላይ ሲደርስና ሲያልፍ ሥራው መዘግየት ይጀምራል፤ 20 እና 25 በመቶ ላይ ተራ እርሾ በጣም ይቸገራል። ስኳሩ በዚያ ላይ ከዱቄቱ ጋር ውኃ ይሻማል፤ ሊጡን የሚያያይዘው ግሉተን የተባለው ፕሮቲን ደግሞ ውኃ ካላገኘ አይተሳሰርም። ቅቤ ሲጨመር ቅባቱ የፕሮቲኑን ክሮች እየሸፈነ እንዳይያያዙ ያደርጋል። የፈረንሳይ ብሪዮሽ ጋጋሪ ሊጡ በደንብ ታሽቶ ከጠነከረ በኋላ ቅቤውን በመጨረሻ የሚያስገባው ለዚህ ነው። ባጭሩ፣ ጣፋጭ ዳቦ የሚሠራ ሰው ዳቦን ዳቦ የሚያደርጉትን ነገሮች ሁሉ የሚያዳክም ግብዓት እየጨመረ ነው ዳቦ የሚፈልገው።

ይህ ችግር ዛሬ ከምናስበው በላይ የከፋበት ዘመን ነበር። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የሰሜንና የመካከለኛው አውሮፓ ጋጋሪ እርሾውን በብዛት የሚያገኘው ከቢራ ጠማቂ ነበር። ከሚፈላው ቢራ ላይ የሚገፈፈው አረፋ ጉልበቱ አንድ ቀን ይበረታል፣ አንድ ቀን ይሰንፋል፤ በዚያ ላይ የሆፕስ ምሬት አለበት። ሆፕስ ለቢራ የሚሠራው ጌሾ ለጠላ የሚሠራውን ነው፤ በጠላ የሚወደድ ምሬት ግን በጣፋጭ ዳቦ አይወደድም። የቪየና ጋጋሪዎች ይህን ሲያማርሩ ኖረው፣ በ1840ዎቹ መጨረሻ አዶልፍ ኢግናዝ ማውትነር የተባለ ጠማቂ ከእህል የሚመረት፣ ተጨምቆ የሚሸጥ፣ ምሬት የሌለበት እርሾ አቀረበላቸው። የቪየና ዳቦ በ1867ቱ የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ስሙ ገነነ፤ በ1868 የፍላይሽማን ወንድማማቾች የተጨመቀውን እርሾ በአሜሪካ ማምረት ጀመሩ፤ በ1876 በፊላደልፊያው ኤግዚቢሽን የቪየና ዳቦ ቤት ከፍተው ለሕዝብ አሳዩት። ስኳሩም በዚያው ክፍለ ዘመን ረከሰ። አንድሪያስ ማርግራፍ በ1747 ከቀይ ሥር ወገን ከሆነ ተክል ስኳር እንደሚወጣ አሳይቶ ነበር፤ ተማሪው ፍራንዝ አሻርድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በሲሌሲያ ፋብሪካ ተከለ፤ የናፖሊዮን የንግድ እገዳ ደግሞ እርሻውን አስፋፋው። ከዚያ በፊት የነበሩ ጋጋሪዎችም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ኦስትሪያዊው ዳምፕፍል፣ ሩሲያዊው ኦፓራ የሚለው መላ አንድ ነው፦ እርሾውን ለብ ባለ ወተትና በጥቂት ዱቄት አስቀድሞ ማስነሳት፣ ጉልበት ሲያገኝ ስኳሩን፣ ቅቤውንና እንቁላሉን ማስከተል።

ከመልሶቹ ሁሉ የተስፋፋው ስኳሩን ከሊጡ ነጥሎ መጠቅለል ነው፤ ለዚህም የስዊድኑን የቀረፋ ጥቅል፣ ካኔልቡሌን፣ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ሊጡ ወተት፣ ቅቤ፣ መጠነኛ ስኳርና የተወቀጠ ሄል አለው። ኩፍ ካለ በኋላ ተዳምጦ ይዘረጋል፤ ለስላሳ ቅቤ ይቀባል፤ ስኳርና ቀረፋ ይነሰነስበታል፤ ተጠቅልሎ ይቆራረጣል። እንደገና ኩፍ ሲል እንቁላል ተቀብቶ በምድጃ ሙቀት የማይቀልጥ ነጭ የስኳር ጠጠር ይበተንበታል። ምላስ ላይ ከሚጣፍጠው ስኳር አብዛኛው ከእርሾው ጋር አንድም ጊዜ አልተቦካም፤ ግማሹ መሐል፣ ግማሹ አናት ላይ ነው። ቅመሞቹም እንዲሁ ተለያይተዋል። ሄሉ ሊጥ ውስጥ ሲገባ ቀረፋው ውጭ የቀረው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ለቀረፋ ሽታውን የሚሰጠው ሲናማልደሃይድ የተባለው ንጥረ ነገር ሻጋታንና እርሾን ያዳክማል፤ ብዙ ቀረፋ የተቦካበት ሊጥ ኩፍ ለማለት ይለግማል። ዳቦው ራሱ ደግሞ ሰው እንደሚያስበው አሮጌ አይደለም። በስዊድን መታየት የጀመረው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ የስኳርና የቅቤ ራሽን ሲነሳ፣ በ1920ዎቹ ነው፤ በየቤቱ መጋገር የተለመደው ደግሞ በ1950ዎቹ ነው። በየዓመቱ ኦክቶበር 4 የሚከበረውን የቀረፋ ዳቦ ቀን በ1999 ያቋቋመው የዱቄት፣ የእርሾና የስኳር አምራቾች የሚደግፉት የቤት መጋገር ምክር ቤት ነው። እርሾ ሻጭ ያወጣው በዓል በሃያ ዓመት ውስጥ «የአያቶቻችን» መባሉ ፈገግ ያሰኛል።

የለንደኑ ቼልሲ ጥቅል በዕድሜ ይበልጠዋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነገሥታት ሳይቀሩ የሚጎበኙት የቼልሲ ዳቦ ቤት በ1839 ፈረሰ፤ ዳቦው ግን ቀረ፤ አሠራሩም ያው ነው፦ ሊጡ ይዘረጋል፣ ቅቤ፣ ቡናማ ስኳርና ዘቢብ ይገባበታል፣ ይጠቀለላል። የጥቅል አንዱ ጉድለት ስኳሩ በምድጃ ውስጥ ቀልጦ ወደ ትሪው ሥር መውረዱና መጣበቁ ነው። ከጀርመን ወደ ፔንሲልቬንያ የፈለሱ ጋጋሪዎች ጉድለቱን ወደ ጥቅም ለወጡት፤ ትሪው ሥር ሆን ብለው ስኳርና ቅቤ አፍስሰው፣ ሲበስል ገልብጠው፣ ካራሜሉን አናት አደረጉት።

ሁለተኛው መላ መደበቅ ነው። ኪሙራ ያሱቤ የተባለ የቀድሞ ሳሙራይ በ1869 በቶኪዮ ዳቦ ቤት ሲከፍት ደንበኞቹ ደረቁን የአውሮፓ ዳቦ አልለመዱትም ነበር። በ1874 እሱና ልጁ የአገራቸውን መጠጥ ሳኬን በሚያፈላው፣ ከሩዝ በሚገኘው እርሾ ሊጥ አቦክተው በውስጡ በስኳር የበሰለ የአዙኪ ባቄላ ፍጭት ሞሉበት፤ አንፓንም ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ኤፕሪል 4 ቀን፣ መሐሉ ላይ በጨው የተቀመጠ የቼሪ አበባ ተደርጎበት ለንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ቀረበ። የሳኬው እርሾ ዘገምተኛ ነው፤ ሆኖም ከባዱ የስኳር ሸክም በፍጭቱ ውስጥ ስለታሸገ ሊጡ ጊዜውን ወስዶ ኩፍ ይላል። ጣፋጭ ፍጭትን በሊጥ መሸፈን ለጃፓን አዲስ ነገር አልነበረም፤ በእንፋሎት የሚበስለው ማንጁ ለዘመናት ይህንኑ ሲያደርግ ኖሯል። ስለዚህ የአውሮፓ ዳቦ ጃፓናዊ ሆነ ከማለት የጃፓን ጣፋጭ ምድጃ ገባ ማለት ለእውነቱ ይቀርባል። በቦሄሚያና በኦስትሪያ ቡህቴልን የሚባለው ዳቦም የፕሪም ማርማላታውን በሆዱ ይዞ ይጋገራል።

ሦስተኛው መላ አናት ላይ መጫን ነው። የሜክሲኮው ኮንቻ ሊጡ ለዘብ ያለ ነው፤ ጣዕሙ ያለው ከዱቄት፣ ከስኳርና ከቅባት ተለውሶ ላዩ ላይ በተለጠፈውና በዛጎል ቅርጽ በተበጣው ልባስ ላይ ነው። የሆንግ ኮንጉ ቦሎ ባውና የጃፓኑ ሜሎንፓንም እንዲሁ የብስኩት ልባስ አላቸው፤ የመጀመሪያው «አናናስ» የተባለው ልባሱ ሲበስል እንደ አናናስ ቆዳ ስለሚሰነጣጠቅ ብቻ ነው። ማን ከማን ወሰደ የሚለው ክርክር ብዙ ወረቀት ጨርሷል። መወራረስ ቢኖርም እንኳ፣ አንድ ችግር በተለያየ ቦታ አንድ ዓይነት መልስ ቢያገኝ አይደንቀኝም።

ከዚህ አከፋፈል ጋር የማይስማማ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው የቀን መቁጠሪያውን ነው። እነዚህን ዳቦዎች የወለዳቸው እምነት ነው፤ እርሾ ምን አገባው? ይላል። ማስረጃውም ቀላል አይደለም። በ1592 የለንደን የገበያ ሹም ቅመም የገባባቸው ዳቦዎች ከስቅለት፣ ከገናና ከቀብር ቀን በቀር እንዳይሸጡ ከልክሏል። በስዊድን ሳፍሮን ያቀለመው ሉሴካት ለዲሴምበር 13 የሉቺያ በዓል ነው፤ በአልሞንድና በክሬም የሚሞላው ሴምላ ደግሞ ለጾም መያዣ ማክሰኞ። ንጉሥ አዶልፍ ፍሬድሪክ በፌብሩዋሪ 1771 ብዙ ምግብ በልቶ፣ በላዩ ሴምላ በትኩስ ወተት አስከትሎ፣ በዚያው ሞተ። የግሪክ ጹረኪም የፋሲካ ነው። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ግን ቀኑ የሚወስነው መቼ እንደሚበላና ምን ያህል ቅቤ እንደሚገባ ነው። ከሁሉ የሚገልጸው የድሬስደኑ ሽቶለን ነው፤ በገና ጾም ቅቤ ስለተከለከለ የሳክሶኒ ጋጋሪዎች በዘይት ሲጋግሩት ኖረው፣ በ1491 ጳጳስ ኢኖሰንት ስምንተኛ ቅቤ እንዲገባበት ፈቀዱ። ስለ ስኳሩ አቀማመጥ ግን የሚደነግግ ቀኖና የለም። የስቅለቱን ዳቦ ራሱን ቆርጣችሁ ተመልከቱት፤ ከጣፋጩ አብዛኛው በዘቢብ ቆዳ ውስጥ ተዘግቶ፣ ቀሪው ከምድጃ ሲወጣ በሚቀባው ሽሮፕ ላይ ነው የሚገኘው። ቅመሙ በሊጡ ውስጥ መኖሩ ስለ ቀረፋ ካልሁት ጋር የሚጋጭ ይመስል ይሆናል፤ መጠኑ ግን ከጥቅሉ ቀረፋ ጋር አይወዳደርም፣ ከሌሎች ቅመሞችም ጋር ተደባልቆ ነው የሚገባው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ከሚላን ይመጣል። ፓኔቶኔ ስኳሩን አልደበቀም፣ አልጠቀለለም፤ ሊጡ ራሱ በስኳር፣ በቅቤና በእንቁላል አስኳል የከበደ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ከዳቦ ሁሉ ከፍ ብሎ ይነሳል። ታዲያ ጠቡ የት አለ? ጠቡ በዋጋው ውስጥ አለ። የፓኔቶኔ እርሾ ጠጠር ያለ፣ ከዘመን ዘመን የሚተላለፍ ሊጥ ነው፤ ከመቦካቱ በፊት በአንድ ቀን ውስጥ ደጋግሞ በዱቄትና በውኃ ይታደሳል፤ ጉልበቱ ከሚፈለገው በታች ከሆነ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ከዚያ የመጀመሪያው ሊጥ ከስኳሩና ከቅቤው ከፊሉን ይዞ ያድራል፤ በነጋታው ቀሪው ይጨመርለታል። ከምድጃ ሲወጣም ግድግዳው የራሱን ክብደት ስለማይችል እስኪበርድ ተዘቅዝቆ ይሰቀላል። ሁለት ቀን ሥራ፣ የሠለጠነ እጅ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚመገብ እርሾ፤ ይህን መክፈል ያልቻለ መንደር ሁሉ ጠቅልሎ ወይም ደብቆ ማለፉ አያስገርምም። የፈረንሳይ ባባ ሌላ ብልሃት አለው፤ ስኳር ያነሰውን ሊጥ ጋግሮ፣ እርሾው ሥራውን ጨርሶ ከሞተ በኋላ በሽሮፕ ይነክረዋል።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ግን ሙሉ በሙሉ ልመልሰው አልችልም፤ መመለስም ያለብኝ አይመስለኝም። ዛሬ በስኳር ብዛት የማይበገር የእርሾ ዘር በፓኬት ይሸጣል፤ ስኳሩን ሁሉ ከሊጡ ጋር ማቡካት የሚያግድ ነገር የለም። ይሁንና ጥቅሉም፣ አንፓንም፣ ኮንቻም አሉ። ቅርጽ ምክንያቱ ካለፈ በኋላም በልማድ ይኖራል፤ የእኔ ክርክር አፈጣጠሩን እንጂ ዕድሜውን አያስረዳም። በ1985 በአሜሪካ ሲያትል አካባቢ የጀመረው ሲናቦን ጥቅሉን አግዝፎ፣ ስኳሩን በመሐልም በአናትም አብዝቶ ሲሸጥ የእርሾ ችግር አልነበረበትም፤ የሸጠው ዓይን የለመደውን ነው። የዘመናችን እውነተኛ ፈጠራ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ይመስለኛል። ታይዋናዊቷ ኢቮን ቼን በ2007 ባሳተመችው መጽሐፍ የተስፋፋው አሠራር አንድ እጅ ዱቄትን በአምስት እጅ ውኃ ወይም ወተት በ65 ዲግሪ ሴልሺየስ ማገንፋት፣ ገንፎውንም ከሊጡ ጋር ማቡካት ነው። የበሰለው ስታርች ብዙ ውኃ ስለሚይዝ ዳቦው ለቀናት ለስላሳ ይሆናል። ጠቡ በውኃ የተነሳ ከሆነ መፍትሔውም ውኃን ማስቀመጥ ነውና።

በዚህ መነጽር ወደ ኢትዮጵያ ዳቦ ሲዞሩ የሚገርም ነገር ይታያል። ድፎው፣ ሙልሙሉ፣ አምባሻው የእርሾ ዳቦ ናቸው፤ ጥቁር አዝሙዱ አለ፤ ለስዊድኑ ሄል የቅርብ ዘመድ የሆነው ኮረሪማ የገዛ አገራችን ተክል ነው፤ ማርም ሞልቷል። አንዳንዱ አምባሻ ዘቢብና ትንሽ ስኳር ከሚያገኝ በቀር ግን ጣፋጭ ዳቦ የሚባል የየዕለት ነገር አልዳበረም። በውጭ አገር የምግብ መጻሕፍት የሚታየው የማርና የወተት ዳቦም በአገር ቤት የዘወትር ገበታ ሆኖ አያውቅም። ምክንያቱን «ባህላችን አይደለም» በሚል ብቻ ማለፍ ስንፍና ነው። አንደኛ፣ ማሩ ሥራ ነበረው፤ ወደ ጠጅ ሄዷል። ሁለተኛ፣ የፋብሪካ ስኳር በወንጂ መመረት የጀመረው በ1954 ነው። ሦስተኛ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሚከለክሉት የጾም ቀናት የዓመቱን ግማሽ ያህል ስለሚይዙ በቅቤና በእንቁላል የሚለሰልስ ዳቦ ለጋጋሪው የማያዛልቅ ንግድ ነበር። ስኳሩ ሲመጣ የት ተቀመጠ ቢባል መልሱ ሻይ ውስጥ ነው። ዳቦው እንደ ነበረ ቀረ፤ ጣፋጩ በብርጭቆ አጠገቡ ተቀመጠ። ከጣሊያን ቦምቦሎኔ የመጣው ቦምቦሊኖ እንኳ እዚህ ሲደርስ ክሬሙን በአመዛኙ ትቶ፣ በዘይት ተጠብሶ፣ ቢበዛ ስኳር ተነስንሶበት ከሻይ ጋር የሚበላ ሆነ። በእስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤላውያን ለሰንበት የሚጋግሩት ዳቦም እንቁላልና ስኳር በሚገባባቸው፣ ኻላና ባብካ በተባሉ ዳቦዎች ተከቦ ቀለል ማለቱን አልተወም። ይህን እንደ ድህነት የሚያዩ አሉ፤ እኔ ግን እንደ አራተኛ መላ፣ ምናልባትም ለእርሾው ከሁሉ እንደሚስማማው መላ ነው የምቆጥረው።

ችግሩ የሚመጣው አሁን ነው፤ የቀረፋ ጥቅልና የወተት ዳቦ በየኬክ ቤቱና በየስልኩ አሠራር እየገባ ነውና። በአማርኛ የሚቀርቡት አሠራሮች አብዛኞቹ «ሁለት ስኒ ስኳር» ይላሉ፣ የዱቄቱን ክብደት አይናገሩም፤ ኩፍ የሚልበትንም ሰዓት ከባሕር ወለል ላይ ካለ አገር እንዳለ ይገለብጣሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ሊጥ ቶሎ ይነፋል፣ ካልተጠበቀም ምድጃ ውስጥ ይወድቃል። አሠራር የምታሳትሙም ሆናችሁ በቪዲዮ የምታስተምሩ፣ ስኳሩን በግራም ከዱቄቱ ጋር አስተያይታችሁ ጻፉ፤ ከ10 በመቶ ካለፈ እርሾውን ቀድሞ ማስነሳት እንደሚያስፈልግ ንገሩ፤ ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ ሊጡ በመጠን እጥፍ እስኪሆን ጠብቁ በሉ።